ከነልጆቻችን የት እንውረድ? ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ወጣት ቤተሰብ የከተማ አመራረጥ ደረጃ በደረጃ

ቪዛው ከተመታ ማግስት ጀምሮ ስልክ ይበዛል። የሲያትሉ የአክስት ልጅ «እዚህ ደሞዙ ጥሩ ነው» ይላል፤ የዳላሱ ጓደኛ «ኪራይ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ቤት ትገዛላችሁ» ይላል፤ የሜሪላንዷ እኅት ደግሞ «ሌላ ቦታ ብትሄዱ እቀየማችኋለሁ» ትላለች። ሁሉም እውነታቸውን ነው፤ ግን እያንዳንዱ የሚያወራው ስለ ራሱ ኑሮ ነው።

ወንደላጤ የትም ቢወርድ ያልፍለታል። ሶፋ ላይ ያድራል፣ ሁለት ሥራ ይይዛል፣ ካልተመቸው ሻንጣውን አንሥቶ ይሄዳል። የሁለትና የአራት ዓመት ልጆች ይዞ የሚገባ ሰው ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መመለስ አለበት፦ አባትም እናትም ሥራ ላይ ሲሆኑ ልጆቹን ማን ይይዛል? አገር ቤት አያት አለች፣ ሞግዚት አለች፣ ካልሆነም ጎረቤት አለ። አሜሪካ ሲደርሱ ግን ማን ምን ሥራ እንደሚይዝ፣ ስንት መኪና እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ሰፈር እንደሚያዋጣ የሚወሰነው በዚሁ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከልጆቹ እንነሣና ወደ ከተማው እንሄዳለን።

ስለ ቪዛው አሰጣጥ እዚህ አላነሣም። የዲቪም የቤተሰብም ቪዛ ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እሱን ከኤምባሲው መከታተል ይሻላል።

ደረጃ 1፦ የልጆቹን የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ

የመንግሥት ትምህርት ቤት በየትኛውም ግዛት በነፃ የሚገኘው ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ነው፤ ልጁ 5 ዓመት ሲሞላው። መቼ ሞላው የሚለውን ግን እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ቀን ይቆርጣል። ሜሪላንድ፣ ቴክሳስና ጆርጂያ ሴፕቴምበር 1 ላይ ይቆርጣሉ፤ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ እስከ ሴፕቴምበር 30 ይጠብቃሉ።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። መስከረም 10 ቀን 2014 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ አለችን እንበል። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2021 መሆኑ ነው። ቨርጂኒያ ከወረዳችሁ በ2026 ኪንደርጋርተን ትገባለች፤ ሜሪላንድ ከሆነ እስከ 2027 ትቆያለች። በሁለቱ መካከል ያለው የፖቶማክ ወንዝ ብቻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ቀድሞ ለማስገባት ማመልከት ይቻላል፤ ግን ልጅቷ ተገምግማ ነው፣ ዋስትናም የለውም። የአንድ ዓመት ልዩነት ማለት የአንድ ዓመት ዴይኬር ክፍያ ማለት ነው። ዲሲና አካባቢው ለሕፃን በወር ከ2,000 ዶላር በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ቢቀንስም ከአንድ ሰው ደሞዝ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል።

ከ5 ዓመት በታች ላሉት ልዩነቱ የባሰ ይሰፋል። ዋሽንግተን ዲሲ ከተማው ውስጥ የሚኖሩ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በነፃ ይማራሉ፤ ቦታው የሚደለደለው በዕጣ ስለሆነ ለመጪው የትምህርት ዓመት የሚፈልግ ሰው ማርች መግቢያ ላይ አመልክቶ መጨረስ አለበት፤ ያመለጠው ወደ ወረፋ ነው። ጆርጂያ ከሎተሪ በሚገኝ ገንዘብ ለ4 ዓመት ልጆች ነፃ ትምህርት ትሰጣለች። ቴክሳስ እንግሊዝኛ የማይችል ወይም ቤተሰቡ ዝቅተኛ ገቢ ያለው የ4 ዓመት ልጅ በነፃ ይገባል፤ አዲስ የገባ ያበሻ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያሟላል። ኮሎራዶ ከ2023 ጀምሮ ልጆች ኪንደርጋርተን ከመግባታቸው በፊት ባለው ዓመት በሳምንት ለተወሰነ ሰዓት ትምህርት ትከፍላለች። ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ቤተሰቦች በሁሉም ግዛት ሄድ ስታርት የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ፤ ወረፋው ግን እንደ ሰፈሩ ነው።

የልጆቻችሁን ቀን ከእነዚህ ጋር ስታስተያዩ ከዝርዝራችሁ ሁለት ሦስት ከተማ ወዲያው ሊወድቅ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ሃያ አራቱን ሰዓት በሁለት መስመር ሣሉ

አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሥራ በአብዛኛው ይታወቃል፦ ኤርፖርት፣ ሆቴል፣ ፓርኪንግ፣ ዌርሃውስ፣ ነርሲንግ ሆም፣ ሆም ኬር። ሁሉም በሺፍት ነው። የጠዋቱ ሺፍት ዴይኬር ሳይከፈት ይጀምራል፤ የማታው ዴይኬር ከተዘጋ ከብዙ ሰዓት በኋላ ያልቃል። ትምህርት ቤት ቢገቡም ቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ብዙ ወረዳዎች ደግሞ የኪንደርጋርተን ልጅ ከአውቶቡስ ሲወርድ አዋቂ ካልተቀበለው ወደ ትምህርት ቤቱ ይመልሱታል።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ሰዓቱን በአገር ቤት አቆጣጠር ልጻፈው። እሱ ኤርፖርት ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ተኩል ይሠራል፤ እሷ ነርሲንግ ሆም ከቀኑ 9 እስከ ማታ 5 ሰዓት። መኪናቸው አንድ ነው። እሱ ተመልሶ ምሳ ይበላል፣ ልጆቹን ከኋላ ወንበር ያስራል፣ እሷን ያደርሳል፣ ይመለሳል፤ ልጆቹን አብልቶ፣ አጥቦ፣ ከእነሱ ጋር አብሮ ይተኛል። ማታ እሷን ወደ ቤት የምታመጣት የሥራ ባልደረባዋ ናት። ያቺ ባልደረባ የቀረች ቀን ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው በፒጃማ መኪና ውስጥ ይገባሉ፤ አባት አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሥራ ይገባል።

እነዚህ ሰዎች ለዴይኬር አምስት ሳንቲም አይከፍሉም። ይህን ያስቻላቸው ግን ቤታቸው ከሁለቱም ሥራ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ መሆኑ ነው። ራቅ ብለው ርካሽ ቤት ቢከራዩ ኖሮ ከኪራይ የሚያተርፉትን ለሁለተኛ መኪናና ለኢንሹራንሱ ይገብሩት ነበር።

እናንተም እንዲሁ ሣሉ። አንድ መስመር ለአባት፣ አንድ ለእናት፤ በየመስመሩ ሥራ፣ መንገድ፣ እንቅልፍ። ሁለቱም መስመር ላይ «ሥራ» ወይም «መንገድ» የሚል ቃል በአንድ ላይ የወደቀበት ሰዓት ልጅ የሚይዝ ሰው የሚፈለግበት ሰዓት ነው። ትልቁ ልጅ ትንሹን ይጠብቃል የሚለው ያገር ቤት መፍትሔ እዚህ ችግር ያመጣል፤ ለምሳሌ ሜሪላንድ ከ8 ዓመት በታች ያለን ልጅ ብቻውን መተው በሕግ የተከለከለ ነው፣ ጠባቂው ደግሞ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት።

ክፍተቱን የሚደፍኑት ብዙ ጊዜ ቤታቸው ውስጥ ዴይኬር የሚሠሩ ያበሻ እናቶች ናቸው። ዲሲ አካባቢ ብዙ አሉ፤ ልጁ አማርኛውን አይረሳም፣ ሽሮውንም ይበላል፣ ዋጋውም ከትልልቆቹ ማዕከላት ይቀንሳል። ፈቃዳቸውን ማየት ግን ነውር አይደለም። ከተማ ስታወዳድሩ «እዚያ ፈቃድ ያላት፣ ማታም የምትይዝ አበሻ አለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህችን አንድ ጥያቄ ከደሞዝ ጥያቄ አስቀድሙ።

ደረጃ 3፦ ከተማዎቹን በወረቀታችሁ መዝኑ

ዲሲና ዙሪያው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ) ያበሻ ቁጥር ከፍተኛ የሆነበት ነው። ሜትሮ ባቡር ስላለ መጀመሪያ ላይ ያለ መኪና መኖር ይቻላል። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከደለስ ኤርፖርት በቀጥታ አዲስ አበባ ይበረራል፤ አያትን ለአራስ ጥየቃ ለማምጣት ላሰበ ትንሽ ነገር አይደለም። ክፋቱ ኪራዩ ነው፤ በቀጣዩ ደረጃ እመጣበታለሁ።

ሲያትል ደሞዟ እውነትም ጥሩ ነው፤ የከተማዋ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2025 ጀምሮ በሰዓት ከ20 ዶላር በላይ ነው፣ ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ከደሞዝ ላይ የገቢ ግብር አትቆርጥም። ነገር ግን ድሮ ሴንትራል ዲስትሪክትና ሬኒየር ቫሊ ይኖር የነበረው አበሻ በኪራይ ተገፍቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ተክዊላ፣ ሬንተንና ኬንት ወርዷል። የሚነግራችሁ ሰው «ሲያትል» ሲል የት ሰፈር ማለቱ እንደሆነ አስረግጡ።

ዳላስ (ጋርላንድ፣ ሪቻርድሰን) ኪራይ ይቀንሳል፣ የግዛት የገቢ ግብር የለም፣ መስፈርቱን ለሚያሟላ የ4 ዓመት ልጅ ነፃ ትምህርት አለ። በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ ግን ከ2009 ወዲህ ያልተነቃነቀው የፌዴራሉ 7.25 ዶላር ነው፤ ዌርሃውሶች ከዚያ በላይ ይከፍላሉ፣ ሕጉ ግን አያስገድዳቸውም። ሁለት መኪና ግድ ነው። መንጃ ፈቃድ ያላወጣች እናት በዳላስ ዳርቻ ከሁለት ሕፃናት ጋር ቤት ውስጥ ስትውል እስር ቤት ይሆንባታል፤ ይህን ብዙ ባሎች ሒሳብ ውስጥ አያስገቡትም። ያገር ቤት መንጃ ፈቃድ እንዲሁ ተቀይሮ ይሰጠኛል ብላችሁም አትቁጠሩ፤ ጽሑፉንም መንዳቱንም ተፈትኖ ማለፍን አስቡ።

አትላንታ (ክላርክስተን፣ ስቶን ማውንቴን) ከግዛት የገቢ ግብሩ በቀር እንደ ዳላስ ናት፤ ክላርክስተን የስደተኞች ከተማ በመሆኗ ትምህርት ቤቶቿ እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ መቀበል ለምደዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ2023 ጀምሮ ወደ አትላንታ ይበራል። ዴንቨር ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ላዲስ አበባ ሰው አይከብድም፤ ያበሻው ሰፈር አውሮራ ነው። ላስ ቬጋስ ሆቴሉና ካዚኖው 24 ሰዓት ስለሚሠራ ሥራ አይጠፋም፤ በሠራተኛ ማኅበር በተያዘ ሆቴል የተቀጠረ ሰው የሚያገኘው የጤና ኢንሹራንስ ቤተሰቡን የሚሸፍን ጥሩ ኢንሹራንስ ነው፤ የሌሊቱን ሺፍትና የጁላይን ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት የቻለ ይሂድ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በተለይ ለኦሮሞ ማኅበረሰብ ትልቅ ማዕከል ናቸው፤ በጃንዋሪ አማካዩ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሕፃን ይዞ መቆም ምን እንደሚመስል መገመት ነው።

ደረጃ 4፦ ኪራዩን በአከራዩ ሒሳብ አስሉ

አከራይ «ትችላላችሁ ወይ» ብሎ አይጠይቅም፤ ወረቀት ነው የሚያየው። የተለመደው መስፈርት ከግብር በፊት ያለው የወር ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ነው። ሜሪላንድን እንውሰድ፤ ዝቅተኛ ክፍያዋ ከ2024 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር 2,600 ዶላር ያገኛል፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ቢሠሩ 5,200። ባለ ሁለት መኝታ ቤት በ1,800 ዶላር ቢገኝ እንኳ አከራዩ የሚፈልገው 5,400 ነው። ሁለቱም ሙሉ ቀን እየሠሩ ወድቀዋል ማለት ነው። አንዳቸው ልጅ ለመያዝ ቤት ከዋሉ ደግሞ በ2,600 ዶላር ገቢ የሚፈቀድላቸው ኪራይ 866 ዶላር ነው፤ በዚህ ዋጋ ቤት አይገኝም።

ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ወራት የሰው ቤዝመንት ውስጥ የሚያልፉት። ከዚያ መውጫው ሦስት ነው፦ ክሬዲት ያለው ዘመድ አብሮ እንዲፈርም፣ ተጨማሪ ዲፖዚት መክፈል፣ ወይም ከግለሰብ መከራየት። አብሮ የሚፈርምላችሁ ዘመድ ያለበት ከተማ ከሌለበት እጅግ ይበልጣል፤ ማንም የማይነግራችሁ የተቀባይ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ብዙ አከራዮች በአንድ መኝታ ሁለት ሰው የሚል ልክ ስላላቸው የቤተሰቡን ቁጥር አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ይህንኑ ስሌት ለእያንዳንዱ ከተማ ሥሩት። የከተማው ደሞዝ በሥራ ሰዓት ሲባዛ፣ የዚያው ከተማ ኪራይ በሦስት ሲባዛ፣ አንድ ጊዜ ሁለት ደሞዝ ይዛችሁ፣ አንድ ጊዜ አንድ ደሞዝ ብቻ። በአንድ ደሞዝ የሚያኖር ከተማ ካገኛችሁ ሌላውን ሁሉ ይቅር ብላችሁ እሱን ያዙ፤ ሕፃን ያለበት ቤት አንድ ደሞዝ የሚቋረጥበት ወር አያጣም።

ደረጃ 5፦ ተቀባዩን ያለ ይሉኝታ ጠይቁ

እዚህ ላይ ባህላችን ይይዘናል። «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ መቆየት እንችላለን?» ብትሉ መልሱ ይታወቃል፦ «ምን ማለታችሁ ነው? ቤቱ እኮ የእናንተው ነው!» ከልቡ ነው፤ ግን መልስ አይደለም። በሦስተኛው ወር የጋሼ ባለቤት ፊቷ ሲጠቁር ማን ምን እንዳለ ማንም አያስታውስም።

ጥያቄው መልስ የሚያስገኝ እንዲሆን አድርጋችሁ ጠይቁ። «እትዬ፣ ልጆቹ የትኛው ክፍል ይተኛሉ?» «ትንሹ ሌሊት ያለቅሳል፤ ጋሼ ስንት ሰዓት ነው ለሥራ የሚነሣው?» «ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ስንት ብናዋጣ ይሻላል?» «ቤቱ ኪራይ ከሆነ አከራዩ እኛ መግባታችንን ያውቃል?» የመጨረሻዋ በተለይ ወሳኝ ናት፤ ውሉ ላይ ያልተመዘገበ ሰው አስገብቶ ከነቤተሰቡ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ተቀባይ ብዙ ነው። ትምህርት ቤትም የመኖሪያ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ሰው ቤት የምትኖሩ ከሆነ ባለቤቱ «እኔ ጋ ነው የሚኖሩት» ብሎ መፈረም ይኖርበታል። ለዚያ ፈቃደኛ መሆኑን ከወዲሁ ስሙ።

ሌላም አለ። ከተማውን ለማወቅ ደውላችሁ የምታነጋግሩት ሰው ልጅ ያለው ይሁን። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ወንደላጤ መንገዱን ሁሉ ያውቃል፤ ዴይኬር ስንት እንደሆነ ግን አያውቅም።

ደረጃ 6፦ ጤናና ወረቀት

ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት የጤና ሽፋን ለማግኘት በአብዛኛው 5 ዓመት መቆየት አለበት። ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ግን ግዛቶች ይህን መጠበቂያ እንዲያነሡ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሚኒሶታና ኮሎራዶ አንሥተዋል። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ይህ ብቻውን ከተማ ያስመርጣል። ለአዋቂዎቹ ማርኬትፕሌስ በሚባለው የመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ኢንሹራንስ መግዣ ጊዜው ከገባችሁበት ቀን አንሥቶ 60 ቀን ነው፤ ካለፈ ዓመታዊውን ምዝገባ መጠበቅ ነው።

የልጆቹን የክትባት ካርድና ለቪዛ ምርመራ የተሰጣችሁን የክትባት ወረቀት ቅጂ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ያለዚያ ትምህርት ቤቱ ሁሉንም እንደ አዲስ ሊያስወጋቸው ይችላል።

ደረጃ 7፦ ሙያ ካላችሁ ፈቃዱን ከግዛቱ ጋር አገናዝቡ

ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ መምህር፣ ሒሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ ፈቃድ የሚሰጠው ግዛቱ ነው። ለነርሶች ጥሩ አማራጭ አለ፤ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ኮሎራዶ፣ ጆርጂያና ዋሽንግተን ግዛት በአንድ ስምምነት ውስጥ ስላሉ ከአንዱ የሚሰጠው የጋራ ፈቃድ በሌላውም ያሠራል። ኔቫዳና ሚኒሶታ ውስጡ የሉም። ለፈተናው ማጥኛ ሰዓት በደረጃ 2 ወረቀታችሁ ላይ ከሌለ ግን ፈቃዱ ምኞት ሆኖ ይቀራል፤ ከባልና ሚስት አንዱ መጀመሪያ እንዲያጠና፣ ሌላው እንዲሸከም አገር ቤት እያላችሁ ተስማሙ።

ደረጃ 8፦ ወሩን ምረጡ፣ መቀየሩንም አስቡበት

የኢሚግራንት ቪዛ የሕክምና ምርመራው ካላሳጠረው ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ወር ያገለግላል። ገንዘብ ካለ የቪዛው ዋና ባለቤት ሁለት ወር ቀድሞ ቢገባ፣ ሥራ ይዞ መንጃ ፈቃድ ቢያወጣ፣ ቤተሰቡ ቀኑ ሳያልፍ ቢከተል እመርጣለሁ። ዋናው አመልካች ሚስት ከሆነች ቀድማ መግባት ያለባት እሷ ናት፤ ባል ልቅደም ቢል አይቻልም። ዌርሃውሶች በብዛት የሚቀጥሩት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው፤ ትምህርት የሚከፈተው ደግሞ እንደ ከተማው ከኦገስት መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። ትልቁ ልጅ 5 ከሞላው ጁላይ፣ ሁሉም ገና ሕፃናት ከሆኑ ሴፕቴምበር መግባት ይመቻል።

የመጀመሪያው ከተማ ካልሆነ መቀየር ይቻላል፤ ብዙው አበሻ አንዴ ቀይሯል። የሚቀለው ትልቁ ልጅ ኪንደርጋርተን ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ። የኪራይ ውሉ የሚያልቅበትን ወር ስትፈርሙ ከዚያ ጋር ለማግጠም ሞክሩ፤ የአሥራ ሁለት ወር ብቻ ሳይሆን የአሥራ አራትም የአሥርም ወር ውል የሚሰጡ አሉ። ግሪን ካርዱ በፖስታ የሚመጣው ስትገቡ ወዳስመዘገባችሁት አድራሻ ስለሆነ እሱ እጃችሁ ሳይገባ አትነሡ። ከተዛወራችሁ በኋላም በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን በኢንተርኔት ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ለየብቻ፣ የሁለት ዓመቱንም ልጅ ጨምሮ።